መጨረሻ ፌርማታ የሌለው መስመር

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ለጎማ፤

ሰላምታዬ አገር አቋርጦ ደጅህን ያንኳኳ። እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ ለቀቅ አደረገህ? እኔ ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በታች ያለውን ለስፌት መኪናዬ ፔዳል ከሰጠሁት ቆይቷል። አክስቴ፣ እናትህ፣ ደህና ናት። ጉልበቷ ግን ያው ነው፤ ደረጃ ባየ ቁጥር ይሳደባል።

በዚህ ዕድሜህ፣ ያውም የአውቶቡስ ሹፌር ሆነህ፣ ጎማ ብዬ ስጠራህ እንዳትቀየመኝ። አሮጌ ጎማ በዱላ እየነዳህ ሰፈሩን ስትዞር ያየ ሰው ሌላ ስም አይመጣለትም። ስልክስ ምን በላው እንዳትለኝ ደግሞ። ስደውልልህ ሁልጊዜ «እየነዳሁ ነው» ትለኛለህ፤ እናትህም ስልኩ ጆሮዋ ላይ ይጮሃል እንጂ አይናገርላትም። ደብዳቤ ይሻላል፤ ሲመቸው ይነበባል።

ዛሬ ለወሬ ብቻ አይደለም የጻፍኩልህ። ባለፈው ሳምንት ሦስት እግር ያለው መነጽር የተሸከሙ ሰዎች መጡ። አንዱ ያያል፣ አንዱ ዘንግ ይዞ ይገተራል፣ አንዱ በቀይ ቀለም ግድግዳችን ላይ ይሞነጭራል። ፀጉር አስተካካዩን ታውቀዋለህ፣ የሰው ፀጉር ትቶ እየሮጠ ወጣ። ደንበኛው ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ከኋላው።

«ምን ልትሠሩ ነው?» አላቸው።

«ቀለበት መንገድ።»

«ውይ! ከተማዋን ማን አጫት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቀያሹ ግን ፊቱ አልተፈታም። ከተማውን ዙሪያውን የሚያቅፍ መንገድ ነው ብሎ አስረዳን። እኔ ሰፊ አይደለሁ፣ ቶሎ ገባኝ። ወገቡ የሚሰፋ ሰው ሱሪ ላይ ላስቲክ እንደማስገባት ነው። ያልገባኝ ላስቲኩ ለምን በእኛ በኩል እንደሚያልፍ ነው።

ቀዩ መስመር የሚያልፈው በእናትህ በርና በእኔ ሱቅ መሃል ነው። ያቺን ጠባብ መንገድና አንተ ጎማ የነዳህባትን ሜዳ አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል። እናትህ ሻይ ቀድታ፣ ኩባያውን በእጇ ከልላ ተሻግራ፣ ሳይቀዘቅዝ የምታደርስልኝን መንገድ ማለቴ ነው። ቤቶቻችን አይነኩም አሉ። እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ እንቀራለን።

ሐሳቤ ይህ ነው፤ መንገዱ ሳይሠራ እናትህን ወደ እኔ ላምጣት። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ፀሐይ ታገኛለች፣ ደረጃም የላትም። ስጠይቃት ግን «የልጄ ቤት ነው። ጎማዬ ተነሺ ካላለኝ ከዚህ አልነሳም» ትላለች። እንግዲህ አንዲት ቃል ጻፍልኝ፤ አነብላታለሁ።

መሪህ ይቃናልህ፣ ፍሬንህ አይክዳህ።

እትዬህ ልብስ ሰፊዋ


ኅዳር 27

ለውድ እትዬ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት በእረፍት ሰዓቴ ነው፣ እረፍት ካልሽው። የምነዳው ክብ መስመር ነው፤ መጨረሻ ፌርማታ የለውም። ሌሎቹ ሹፌሮች ጫፍ ሲደርሱ ወርደው እግራቸውን ያፍታታሉ። እኔ ደረስኩ ስል የጀመርኩበት ነኝ። ሲረፍድብን ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው እያየን እናልፋለን። ክብ ስለሆነ ቀጣዩ ይመጣል ነው የሚባለው።

ስለዚህ ስለ ቀለበት መንገድ ከእኔ በላይ የሚነግርሽ የለም። እዚህ ሦስት አሉ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ እንደ ሽንኩርት። በመጀመሪያው ውስጥ ባንኮችና ትልልቅ ሱቆች ናቸው። በሁለተኛው ውስጥ ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ውሻ ይዞ የሚሮጠው ሰው። በሦስተኛው ውስጥ ደመወዙ የሚበቃው። ከሦስተኛው ውጭ መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ የቆሻሻ መጣያ፣ እና እኔ። አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ እንደነገረኝ መንገዱ ሳይሠራ ሁሉም ሰፈር እኩል ነበር። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ነው ውስጡ የወፈረው፣ ውጭው የከሳው።

ስለዚህ እትዬ፣ ቤቱ ከውስጥ ነው ካልሽ እናቴን እንዳታንቀሳቅሻት። ባዶ ቤት እንደተተወ ይቆጠራል። መንገዱ እስኪያልቅ ትቀመጥበት። ደግሞ እርግጠኛ ሁኚልኝ፤ በሩ በየትኛው ወገን ነው የሚቀረው? ጓሮውስ ይነካል?

እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።

ወንድምሽ


ጥር 6

ለወንድሜ ለጎማ፤

እንደምን ሰነበትክ? እንቅልፍህ፣ ወገብህ፣ አለቃህስ? እኛ አፈር እየተነፈስን አለን። ጠዋት ሱቁን ስከፍት ስፌት መኪናው ላይ ስሜን በጣቴ መጻፍ እችላለሁ።

የቤቱ በር ከውስጥ ነው። ጓሮው አልተነካም። ይኸው፣ ጥያቄህን መለስኩልህ፤ አሁን የእኔን ጥያቄ ደግሞ መልስልኝ።

ደብዳቤህን ለእናትህ አነበብኩላት። ስለ ጉልበቷ አልጠየቅክም፤ እኔ ሳነብላት ግን ጠይቀሃል። «እናቴ ጉልበትሽን በሞቀ ውኃ እሺው፣ ከባድ ነገር አታንሺ» ብለሃታል። ደስ አላት። «እንዴት አወቀ? አልነገርኩት!» አለች። ያኔ ፊቴን ወደ መርፌው አዞርኩ።

ሰፈሩን ብታየው አታውቀውም። ቁፋሮው እንደ ወንዝ ነው። ያኛው ወገንና ይኸኛው ወገን ተለያይቶ ወንዶቹ ገና ከአሁኑ ይፎካከራሉ። የፀጉር አስተካካዩ ቤት ከውስጥ ነው፤ ሱሪውን ለማሳጠር መጣና «እኛ የመሃል ሰዎች» ይለኛል! ትናንት ብድር ሳሙና የወሰደ ሰውዬ። «የመሃል ሰው እግሩ ስንት ነው?» ብዬ ሱሪውን አንድ ጣት አሳጠርኩበት።

አንድ ደላላ ደግሞ አለ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከእናትህ በር አይጠፋም። «እማማ፣ ይህን ቤት እንዳይለቁ፣ ወርቅ ላይ ነው የተቀመጡት» ይላታል። እሷም «ታዲያ ምነው ቆረቆረኝ?» አለችው።

እስካሁን ቁፋሮው ላይ በተጋደመች ጣውላ እየተሻገረች ትመጣለች። ኩባያ መያዝ ግን ተወች፤ አንድ እጇ ዱላ ነው፣ አንዱ አየር ይይዛል። ጣውላዋን ሲያነሱ ምን እንደምናደርግ አላውቅም። እባክህ ጎማ፣ አንዲት ቃል። ተነሺ በላት።

እናትህ ስላንተ «ሹራቡን ከውስጥ ይልበሰው፣ ከላይ ከሆነ ንፋስ ያስገባል» ብላለች። ቃሏ ነው።

የቆመ ቀይ መብራት አይግጠምህ።

እትዬህ


መጋቢት 30

ለውድ እትዬ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሳልጽፍ ቆየሁ፣ ሥራ በዛ። እኔ ደህና ነኝ።

አስፋልቱ ፈሰሰ? በአንድ ወገን ስንት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል? ከቤቱ አጠገብ መውጫ አለው ወይስ ዝም ብሎ ያልፋል? ይህን በደንብ አጣሪልኝ፤ መውጫ ያለበት ቦታና የሌለበት ቦታ ሰማይና ምድር ነው። ከቻልሽ የቤቱን ፊት ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። በሩ ላይ ልብስ እንዳይሰጣ፣ ለእይታ ጥሩ አይደለም።

እናቴን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 11

ለወንድሜ ለጎማ፤

ጤና ይስጥልኝ። ያለህበት አገር ዝናቡ ከብዶ እንደሆነ ጥላ ያዝ። እኛ ጋ መንገዱ ተመረቀ፤ ሪባን ተቆረጠ። ሪባኑን የቆረጡበት መቀስ የደነዘ ነበር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አኘኩት። የእኔን ቢለምኑኝ ይሻላቸው ነበር።

መውጫው ከእናትህ በር ጥቂት ወረድ ብሎ ነው፣ በውስጥ በኩል። በእኔ በኩል መውጫ የለም። በመንገዱ መሃል ደግሞ የብረት አጥር ቆሟል፣ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ለእግረኛ ድልድይ ሠርተዋል፤ ያለው ግን ድሮ ሳሙና ፋብሪካው የነበረበት ጋ ነው። ሄደህ፣ ወጥተህ፣ ወርደህ፣ እንደገና ተመልሰህ ነው እናትህ በር የምትደርሰው። ደረጃውን እኔ እንኳ የምወጣው አርፌ፣ እንደገና አርፌ ነው። ያ የእናትህ ጉልበትስ? እንደ ሽማግሌ አህያ ሥሩ ቆሞ አየውና ተመለሰ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። ይኸው መንገዱ የቅርብ ጎረቤቷን የሩቅ ዘመድ አደረገኝ። መጮህም አይቻል፣ ድምፃችንን መኪናው ይወስደዋል። ስለዚህ ተስማማን፤ ጠዋት ስትነሳ በሩ ላይ ነጭ ፎጣ ትሰቅላለች። ፎጣው ከታየ «ደህና አድሬያለሁ» ማለት ነው። ለእይታ ጥሩ አይደለም ያልከው ልብስ እሱ ነው። እኔ አላወርድም፣ እሷም አታወርድም።

የእኔ ሥራም ተገለበጠ። ድሮ ሙሽራ አለብስ ነበር፣ ተማሪ አለብስ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ከማዶ እየተሻገረ ነበር ለካ የሚመጣው። አሁን በእኔ ወገን የቀረው ጎማ ጠጋኙ፣ ብሎኬት አምራቹና አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ማቆሚያ ነው። ስለዚህ የጭነት ሸራ እሰፋለሁ። ሰው ማልበስ ትቼ መኪና አለብሳለሁ። ጣቴ ቢያብጥም መኪና ቢያንስ «ወገቡ ጠበበኝ» አይልም።

አሁን ስለ እናትህ ልንገርህ።

በዚህ ቀለበት ላይ እንዳንተው ክብ አውቶቡስ ተጀምሯል። ባለፈው ማክሰኞ ፎጣው ከተሰቀለ በኋላ እናትህ ያቺን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ በአንድ እጇ ዱላ፣ በአንድ እጇ ፔርሙስ ይዛ ፌርማታው ላይ ቆመች፣ በራሷ ወገን። እየሮጥኩ ወጣሁ።

«ወዴት ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ወዳንቺ!»

«በምን?»

«በክቡ!»

የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። አውቶቡሱ መጥቶ ከለላት፤ ሲሄድ የለችም። ወለሌን ጠረግኩ፣ ወንበር አወጣሁ። በእኔ ወገን የሚያልፈው አውቶቡስ በቆመ ቁጥር እየወጣሁ በሩን አያለሁ። ጎማ ጠጋኙ ይወርዳል፣ ተማሪ ይወርዳል፣ እሷ የለችም። ምሳ አለፈ። ፀሐይዋ ከወንበሩ ወርዳ ግድግዳው ላይ ወጣች። ከዚያ በማዶ አንዱ ቆመና ሲሄድ እናትህ እዚያው የተሳፈረችበት ቦታ ላይ ቆማለች፣ ፔርሙሷን ይዛ። አየችኝ። አልጮኸችም። ገባች።

በድልድዩ ዞሬ ደረስኩ። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«የት ነበርሽ?»

«ከተማውን አየሁት፣ ሁሉንም። ሹፌሩን ልብስ ሰፊዋ በር ላይ አውርደኝ አልኩት። ‹ክብ ነው እማማ፣ ሁሉም ጋ ይደርሳል› አለኝ።»

«እና?»

«ደረሰ'ኮ! በመስኮት አየሁሽ፣ በርሽ ላይ ቆመሻል። አሁን ይታጠፋል፣ ወደሷ ይዞራል ብዬ ዝም አልኩ። አልታጠፈም። ሁለተኛ ዞረ። በሁለተኛው ‹እማማ፣ የተሳፈሩበት ነው› ብሎ አወረደኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ እጄን ይዞ ነው ያወረደኝ።»

እኔ ልሳቅ ላልቅስ ሳልወስን እሷ ከፔርሙሱ ቀዳችልኝ። ቀዝቅዟል።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት» አለች። የተረፈውን ግማሽ አልጨመረችበትም፤ እኔም አልጨመርኩ።

ሰማህ ጎማ? እናትህ አንድ አስፋልት ለመሻገር ከተማውን ሁለቴ ዞራ አልተሻገረችም። እስከ መቼ ነው መንገዱ እስኪያልቅ የምትለኝ? አለቀ'ኮ! ሰኔ ሳይገባ ቃልህን ላክልኝ።

ጤናህን ይጠብቅልህ።

እትዬህ


ሐምሌ 2

ለውድ እትዬ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። የእናቴን ነገር ለባልደረቦቼ ነግሬያቸው በጣም ሳቅን። ክብ መስመር ወገን እንደማይለውጥ አስረጂያት። ለመሻገር ወርዶ በድልድይ መሄድ ነው እንጂ ሌላ መንገድ የለውም።

መውጫው ከውስጥ በኩል መሆኑ መልካም ዜና ነው። አንድ ሰው ይመጣል። ክፍሎቹንና ጓሮውን ይለካል፤ አስገቢው። ለእናቴ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፣ እንዳትጨነቅ።

ከአክብሮት ጋር፣

ወንድምሽ


ሐምሌ 28

ለጎማ፤

ሰላም ነህ ወይ ልል ነበር፤ በጣም እንደሳቃችሁ ስለነገርከኝ ደህና እንደሆንክ ገብቶኛል።

ሰውየው መጣ። ደላላው ነው ከነመነጽሩ፣ ከአንድ ዝምተኛ ጋር። እኔም በድልድዩ ዞሬ ተገኘሁ። እናትህ አንተ የላክከው መሆኑን ስትሰማ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠቻቸው። ሜትሩን ሲዘረጉ ጫፉን የያዘችላቸው እሷ ናት። «ጣሪያው በዚህ በኩል ያፈሳል፣ ይህንንም ጻፉ» እያለች ታሳያቸዋለች። ቤቱን ልታሳድስላት የላክካቸው መስሏታል። ደላላው አየኝ፣ እኔም አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ወጣ። ዝምተኛው ግን ጣሪያውን ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ የለካው መሬቱን ነው። እኔ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ሰው ሊያለብስ የሚለካና ሊገፍፍ የሚለካ ሰው አለካኩ ይለያል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስማ። ሐሙስ ጠዋት ፎጣው አልተሰቀለም። ትንሽ ጠበቅኩ። እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል አልኩ። ሸራ ዘርግቼ አንድ ጠርዝ ሰፋሁ፣ ቀና አልኩ፣ የለም። ከዚያ ወጥቼ አጥሩ ድረስ ሮጥኩ፤ መኪናው ጡሩንባውን ነፋብኝ፣ የጭነት ሹፌሮቹ «አንቺ ሴት አብደሻል!» እያሉ ይጮሃሉ። በሯን አየዋለሁ። የበሯን እጀታ፣ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ሁሉ አየዋለሁ። መድረስ ግን አልችልም። ድልድዩ ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ጫማዬ አንዱ የት እንደቀረም አላውቅም።

ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ማታ ከአልጋ ስትወርድ ጉልበቷ ከድቷት እዚያው አድራለች። ፎጣው እጇ ላይ ነው። «እንዳትደነግጪ ልሰቅለው ነበር፣ አልደረስኩበትም» አለችኝ። አጥንቷ አልተሰበረም፣ ተመስገን። ሐኪሙ ግን ብቻዋን እንዳትሆን ብሏል። እኔ ሱቄን ዘግቼ እሷ ጋ ከርሜያለሁ። ሸራው ይጠብቃል፣ ባለሸራዎቹ አይጠብቁም።

አሁንም እንሂድ ስላት «ጎማዬ ይበል» ነው መልሷ። አንተ ዝም ብለህ ሳለ እሷ ቃልህን ይዛ ነው ወለል ላይ ያደረችው። ሸጠኸው እንደሆነ ንገረኝ። ልትሸጠው እንደሆነም ንገረኝ። ብቻ ተነሺ በላት!

እትዬህ


መስከረም 25

ለውድ እትዬ፤

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ብዙ ጊዜ ቀደድኩት።

እናቴን ወደ አንቺ ውሰጃት። ቃሌ ነው፣ አንብቢላት። ቤቱ ተሸጧል። ገዢው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይረከባል። ነዳጅ ማደያ ያደርገዋል፤ መውጫው አጠገብ ስለሆነ።

አትፍረጂብኝ። እዚህ አራተኛ ቀለበት እየተሠራ ነው። ከሌሎች ጋር የምኖርበት ቤት መስመሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ከተማም አይደለም፣ አውቶቡስም አይደርስም። በቤቱ ገንዘብ ከሦስተኛው ቀለበት ውስጥ አንዲት ክፍል ያዝኩ። መስኮቷ መንገዱ ላይ ነው፣ ድምፁ አያስተኛም። ግን ከውስጥ ናት። በየቀኑ ይህን ከተማ ስዞረው ዘመኔ አለቀ እትዬ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ውስጡ ልግባ ብዬ ነው።

አንድ ቀን እመጣለሁ።

ጎማ


የካቲት 14

ለጎማ፤

የእናትህ እጅ፣ የእኔም እጅ ሰላም ይልሃል።

ተሻግራለች። የምሰፋለት አንድ የጭነት ሹፌር ነው ያሻገረልኝ። ዕቃዋን ጫንነው፣ በገዛ ሸራዬ ሸፈንነው፣ እሷን ከሹፌሩ ጎን አስቀመጥናት። ወደ እኔ ወገን የሚዞርበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ግማሽ ከተማ ሄድን። የድሮ ገበያችን የነበረበት ጋ መስታወት ብቻ የሆነ ሕንጻ ቆሟል። እናትህ «እዚህ ሽንኩርት እገዛ ነበር» አለች፣ ሹፌሩም ሽንኩርት የሚሸጥ መስሎት ፍጥነቱን ቀነሰ። ስንደርስ ወርዳ ዞር ብላ ቤቷን ከማዶ አየችው። «ከዚህ ሲታይ ትንሽ ነው» አለች። በሳምንቱ ማሽኑ መጣ። ወንበሯን ወደ ጓሮ ላዞርላት ብል እምቢ አለች፤ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ድረስ አየች። አሁን እዚያ ቀይና ቢጫ መብራት ይበራል። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ «የመሃል ሰው» መሆኑ ቀርቶ ኪራይ አባሮት እኔ ወገን መጥቷል፤ ለሹፌሮች ጢም ይላጫል። አፉ ግን አልከሳም።

ደብዳቤህ የመጣ ዕለት የሆነውን ልንገርህ። እንደ ልማዴ ጀመርኩ። «እናቴ፣ አንቺን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» እያልኩ ሳነብ እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው።

«የኔ ልጅ፣ ያንቺን ደብዳቤ ተይና የሱን አንብቢልኝ» አለችኝ።

ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀች አልጠየቅኳትም። ጉልበቷን በሞቀ ውኃ እንድታሸው ካልካት ቀን ጀምሮ ይሆናል። የአንተን ሁሉ አወጣሁ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዳለ አነበብኩላት። ሽንኩርቱን፣ «ልብስ እንዳይሰጣ» ያልከውን፣ ከባልደረቦችህ ጋር የሳቃችሁትን፣ የቆመ ሰው እያያችሁ ማለፋችሁን፣ ማደያውን፣ መስኮቷ መንገድ ላይ የሆነችውን ክፍል። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ለካ እሱም ከውጭ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያ አንተን የሚነካ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። እኔ ግን ብዙ አውጥቻለሁ፤ ለብቻዬ፣ ለስፌት መኪናዬ።

አሁን ከሰዓት ከሰዓት በእኔ በኩል ባለው ፌርማታ ትቀመጣለች። አትሳፈርም። አውቶቡስ ሲመጣ ብድግ ብላ ሹፌሩን ፊቱን ታየዋለች። ለመዷት። አንዳንዱ «እማማ፣ ዛሬም አይሄዱም?» ይላታል። አንዱ ባርኔጣውን ያነሳላታል። እየተጣደፈ ሳይቆም የሚያልፍም አለ። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አክስቴ፣ እሱ እዚህ አይነዳም'ኮ። የሱ ክብ እዚህ አይደርስም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፤ ተቆጣች እንዲያውም። «የጃጀሁ መሰለሽ? እኔ የማየው ሹፌር ሲያልፍ የቆመ ሰው ያይ እንደሆነ ነው።»

ትናንት «ጻፊለት» አለችኝ። እስክሪብቶ አነሳሁ። የሹራቡን ነገር የምትደግም መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። ምንም አልጨመርኩበትም፣ ምንም አልቀነስኩም፤ ከአፏ የወጣው ይኸው ነው፦

«ጎማዬ፣ የቆመ ሰው ስታይ አቁም።»